«ባዶ ነው» እና «መልስ የለም»፦ የፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ፒኖች ሁኔታና የአማርኛ አገላለጹ

1. መግቢያ

የቃል ሀብት ለመሰብሰብ ወደ መስክ የሚወጣ የቋንቋ አጥኚ ዛሬ ይዞ የሚወጣው የካሴት መቅረጫ ሳይሆን ድምፅን በፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ላይ የሚያኖር ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በበራ ቁጥር ውስጡ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ማኅደሩን ይጠይቃል፤ በሚያገኘው መልስ መሠረትም ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። ሁለቱን የሚያነጋግረው የፕሮግራም ክፍል ድራይቨር ይባላል። በዚህ ሥራ አዘውትሮ የሚያጋጥም አንድ ቀላል ደንብ አለ፦ የተመዘገበ የፋይል ሥርዓት ካልተገኘ ማኅደሩ አዲስ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ፎርማት ይደረግ። መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ደንቡ ትክክል ነው። ማኅደሩ በቅጂ ተሞልቶ ሳለ ግን በአንድ ፒን ጉድለት የተነሣ መልሱ ሳይደርስ ቢቀር፣ ያው ደንብ «መልስ አልደረሰኝም» የሚለውን «ባዶ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። የሁለቱ አባባሎች ልዩነት ሲጠፋ የአንድ አዛውንት ተራኪ ድምፅም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው እንዲህ ያለው ስሕተት ከየት እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚመረመር የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ለሌለው የቋንቋ ባለሙያ ማብራራት ነው። ሁለተኛው ችግሩ በከፊል የአገላለጽ ችግር መሆኑን፣ አማርኛም ልዩነቱን ለመጠበቅ የሚያስችል ሰዋስዋዊ መሣሪያ አስቀድሞ ያለው መሆኑን ማሳየት ነው።

2. ቺፑና መስመሮቹ

ለማብራሪያ ያህል የዊንቦንድ ደብልዩ25ኪው64ኤፍቪ የተባለውን ቺፕ እንውሰድ። ቺፑ 64 ሜጋቢት፣ ማለትም 8 ሜጋባይት ይይዛል፤ በብዙ ሰርኪቶች ላይም በ3.3 ቮልት ይሠራል። በተለመደው ቅርጹ ስምንት ፒኖች አሉት። ሁለቱ ኃይል የሚያገኝባቸው ናቸው፤ ስድስቱ ከውጭ ጋር የሚነጋገርባቸው ናቸው።

ከስድስቱ መካከል ሲኤስ የተባለው የመጠሪያ መስመር ነው፤ ቺፑ የሚያዳምጠው በዚህ መስመር ሲጠራ ብቻ ነው። ክሎክ የንግግሩን ምት ይሰጣል። ማይክሮኮንትሮለሩ የሚናገርበት መስመር ሞሲ፣ ቺፑ የሚመልስበት ደግሞ ሚሶ ይባላል። የቀሩት ሁለቱ፣ ማለትም ሆልድና ደብልዩፒ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ናቸው። ሆልድ «ቆይ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ይህ ትእዛዝ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ቺፑ ሞሲንና ክሎክን አያዳምጥም፣ ሚሶንም ይለቃል። ደብልዩፒ የመከልከያ መስመር ነው፤ ይሁን እንጂ ስሙ እንደሚያስመስለው በቀጥታ የሚከለክለው ዳታ መጻፍን አይደለም። የሚከለክለው፣ ተገቢው የመቆለፊያ ቢት አስቀድሞ 1 ከተደረገ፣ የቺፑን የሁኔታ መዝገብ መለወጥን ነው።

ሲኤስ፣ ሆልድና ደብልዩፒ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሥራቸውን የሚጀምሩት መስመሩ ዝቅ ሲል ነው። ደብልዩፒ ዝቅ ሲል ክልከላው ይጸናል፤ ከፍ ሲል ክልከላው ይነሣል። ይህ አሠራር በአሉታ ላይ አሉታ ስለሚደርብ ጀማሪውን ብቻ ሳይሆን ልምድ ያለውንም ያሳስታል።

3. ሦስተኛው ሁኔታ

የዲጂታል ሰርኪት ዓለም ሁለት እሴቶች ብቻ እንዳሉት በተለምዶ ይነገራል፦ 1 እና 0፣ ከፍና ዝቅ። ለተጠቀሰው ቺፕ ከፍ ማለት ከአቅርቦቱ ቮልቴጅ 70 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ዝቅ ማለት ደግሞ 30 በመቶና ከዚያ በታች ነው። በ3.3 ቮልት ሲሰላ ከ2.31 ቮልት በላይ ያለው ከፍ፣ ከ0.99 ቮልት በታች ያለው ዝቅ ይሆናል። በመካከል ያለው ለቺፑ ትርጉም የለውም፤ አንድ ጊዜ እንዲህ፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ ሊነበብ ይችላል።

ይህ ግን የቮልቴጅ ጉዳይ ብቻ ነው። ከቮልቴጁ ጀርባ «መስመሩን የያዘው ማን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ። አንድ መስመር በአንድ ቺፕ ወደ ከፍታ ሊያዝ ወይም ወደ ዝቅታ ሊያዝ ይችላል፤ ማንም ሳይዘውም ሊቀር ይችላል። ያልተያዘ መስመር ቮልቴጅ አልባ ነው ማለት አይደለም። በአካባቢው ያለ የኤሌክትሪክ ሁካታ፣ በሰርኪቱ ላይ የቀረ እርጥበት፣ ጎረቤት መስመር፣ የሰው ጣት፣ እነዚህ ሁሉ እሴት ሊሰጡት ይችላሉ። የሚነበበው ቁጥር ይኖራል፤ ተናጋሪው ግን የለም።

ንድፍ አውጪዎች ይህን የሚከላከሉት ፑል አፕ በሚባለው ወደ ላይ ሳቢ ሬዚስተር ነው። ለምሳሌ ከሲኤስ ወደ 3.3 ቮልት የተዘረጋ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ማንም መስመሩን ባልያዘ ጊዜ ከፍ አድርጎ ያቆየዋል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ዝቅ ሊያደርገው ሲፈልግ ግን በቀላሉ ይሸነፋል። ለቋንቋ ባለሙያ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ሌላ ምልክት በሌለበት ጊዜ የሚሠራ፣ ምልክት ሲመጣ ቦታውን የሚለቅ የነባሪ እሴት ሕግ ማለት ነው።

4. ኤፍኤፍ፦ አንድ ጽሕፈት፣ ሁለት ትርጉም

በፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ መደምሰስ ማለት ሁሉንም ቢቶች 1 ማድረግ ነው፤ መጻፍ ደግሞ የተመረጡትን ቢቶች ወደ 0 ማውረድ ነው። ስለዚህ የተደመሰሰ ባይት ስምንት ተከታታይ 1 ሆኖ ይነበባል። ይህም ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞችና ስድስት ፊደላትን በሚጠቀመው የአሥራ ስድስት ቤት አጻጻፍ ኤፍኤፍ ተብሎ ይጻፋል። በፍላሽ ቋንቋ ኤፍኤፍ «ባዶ» ማለት ነው።

አሁን ሚሶን እንመልከት። ቺፑ ሚሶን ካልያዘውና መስመሩ ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር ካለው፣ ማይክሮኮንትሮለሩ በየምቱ የሚያነበው 1 ነው። ስምንት ጊዜ 1 እንደገና ኤፍኤፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ትርጉሙ «ባዶ» ሳይሆን «ማንም አልተናገረም» ነው።

በአማርኛ ጽሕፈት የሚመሳሰል ነገር እናውቃለን። «አለ» የሚለው ጽሑፍ «ለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» የሚል ፍቺ አለው፤ ፊደሉ ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንባቢው ከዐውዱ ይለያል። ድራይቨር ግን ዐውድ የማንበብ ተሰጥዖ የለውም፤ የሚያየው ጽሕፈቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ዐውዱን እኛው ልንፈጥርለት ይገባል።

መንገዱ ለሥነ ድምፅ አጥኚ የታወቀ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ውጤቱ ይታያል። በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ውስጥ እያንዳንዱን ፒን ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስቡ የሚችሉ የውስጥ ሬዚስተሮች አሉ። ያው አድራሻ አንድ ጊዜ ሚሶ ወደ ላይ እየተሳበ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ታች እየተሳበ ይነበብ። ውጤቱ በሁለቱም ጊዜ ኤፍኤፍ ከሆነ መስመሩን ከፍ አድርጎ የያዘ አካል አለ። የመጀመሪያው ኤፍኤፍ፣ ሁለተኛው 00 ከሆነ ግን መልስ ሰጪ አልነበረም፤ ያነበብነው የራሳችንን ሬዚስተር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰርኪቱ ላይ ጠንካራ የውጭ ሬዚስተር ካለ የውስጡ ደካማ ሬዚስተር አያሸንፈውም። የ10 ኪሎኦም የውጭ ሬዚስተር ወደ ላይ፣ የ40 ኪሎኦም የውስጥ ሬዚስተር ደግሞ ወደ ታች ቢስቡ ያልተያዘው መስመር 2.64 ቮልት ላይ ይቆማል። ይህም አሁንም ከፍ ተብሎ ይነበባል፤ መርማሪውም ተናጋሪ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት የሰርኪቱን ንድፍ ማየት ግዴታ ነው።

5. መለኪያው የሚለውጠው ነገር

ሎጂክ አናላይዘር የተባለው መሣሪያ የመስመሮችን ታሪክ 1 እና 0 እያለ በሥርዓት ያሰፍራል። ንባቡ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን እንደ ፎኔማዊ ጽሕፈት ነው። አስቀድሞ የተወሰኑ ሁለት ምድቦች ብቻ ስላሉት በመካከል ያለውን ሁሉ ወደ አንዱ ያስገባዋል። ኦሲሎስኮፕ በአንጻሩ ቮልቴጁን እንዳለ ስለሚያሳይ ወደ ፎኔቲካዊ ጽሕፈት ይቀርባል። በተያዘ መስመር ላይ ሽግግሩ ቀጥ ያለ ነው። ባልተያዘ መስመር ላይ ግን ቮልቴጁ በሬዚስተሩ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ፣ ወይም በ1 እና በ2 ቮልት መካከል ሲዋልል ይታያል። በፒን ሁኔታ ላይ ጥርጣሬ ካለ ዲጂታሉ ንባብ ብቻ አይበቃም።

መለኪያውም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ብዙ ዲጂታል መልቲሜትሮች 10 ሜጋኦም የሚሆን የመግቢያ ተቃውሞ አላቸው። ይህ ለተያዘ መስመር ምንም አይደለም፤ ላልተያዘ መስመር ግን ወደ ታች የሚስብ ሬዚስተር ነው። መርማሪው ሆልድን በመልቲሜትር ሲነካ «ዝቅ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ ዝቅ ያደረገው ግን ራሱ ነው። የኦሲሎስኮፕ መንኪያ ሲነካው መሥራት የሚጀምር፣ ሲነሣለት የሚያቆም ሰርኪትም አለ። ዊልያም ላቦቭ «የታዛቢ ተቃርኖ» ያለው ነገር፣ ማለትም ሰዎች ሳይታዘቡ እንዴት እንደሚናገሩ ለማወቅ መታዘብ ግድ መሆኑ፣ እዚህም ይሠራል። በንክኪ የሚድን ብልሽት ሲያጋጥም ንክኪውን እንደ መፍትሔ ሳይሆን እንደ ማስረጃ መቁጠር ይገባል፤ ያልተያዘ ፒን መኖሩን ይመሰክራልና።

6. የምርመራው ቅደም ተከተል

አንድ መቅጃ አልፎ አልፎ ሲበራ «ባዶ» ይላል እንበል። ምርመራው የሚጀምረው ከዳታው ሳይሆን ከማንነት ጥያቄ ነው። ቺፑ 9ኤፍ የተባለውን ትእዛዝ ሲቀበል መለያውን በሦስት ባይት ይመልሳል፤ ለምሳሌያችን ቺፕ መልሱ ኢኤፍ፣ 40፣ 17 ነው። የመጀመሪያው ባይት ከተለመደው የላቲን ፊደል ስም ጋር ሲነበብ «ኢ» እና «ኤፍ» ነው፤ ሌላ ኤፍኤፍ ተብሎ እንዳይወሰድ ልብ ይሏል። ይህ መልስ ከአንድ ዓይነት ቢቶች ብቻ ስላልተሠራ በባዶ መስመር ሊፈጠር አይችልም። በምትኩ ሦስት ጊዜ ኤፍኤፍ ወይም ሦስት ጊዜ 00 ከተገኘ ስለ ማኅደሩ ይዘት ምንም ማለት አይቻልም።

መለያው ካልመጣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሲኤስ በእርግጥ ዝቅ ተደርጓል? ሆልድ ከፍ ተደርጎ ተይዟል ወይስ ሳይገናኝ ቀርቷል? ያልተያዘ ሆልድ ለሰዓታት በአጋጣሚ ከፍ ብሎ ቆይቶ ለአንድ ቅጽበት ሊወርድ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ቺፑ ሚሶን ይለቃል፣ ድራይቨሩም ኤፍኤፍ ያነባል። እዚህ ላይ የጥፋቱ መንገድ ይታያል። ሆልድ ከቅጽበት በኋላ ተመልሶ ከፍ ቢል፣ ንባቡን ያልመለሰው ቺፕ ቀጥሎ የሚመጣውን የመደምሰስ ትእዛዝ በሚገባ ይቀበላል። የሚሶ ሽቦ ብቻ ተቆርጦ ከሆነም ነገሩ የባሰ ነው፤ ቺፑ ይሰማል፣ እርሱ ግን አይሰማም።

ፒኖቹ ደህና ከሆኑ ቺፑ ያለበት ሁኔታ ይጠየቃል። ማይክሮኮንትሮለሩ በኃይል መዋዠቅ እንደገና ሲነሣ ቺፑ አብሮት ላይነሣ ይችላል። ምናልባት የቀደመውን የመደምሰስ ሥራ እየጨረሰ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ የመለያውን ጥያቄ ችላ ይላል። ምናልባትም ቢ9 በተባለው ትእዛዝ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ገብቷል፤ ኤቢ በተባለው ትእዛዝ እስኪቀሰቀስ ድረስም ሌላ አያዳምጥም። እንዲሁም ኪውኢ የተባለው ቢት 1 ከሆነ ሆልድና ደብልዩፒ የቀድሞ ሥራቸውን ትተው የዳታ መስመሮች ይሆናሉ። ያው ፒን በሌላ ዐውድ ሌላ አገባብ ይይዛል ማለት ነው።

በመጨረሻ የድራይቨሩ የራሱ አነሣስ ይመረመራል። ማይክሮኮንትሮለሩ ሲነሣ አብዛኞቹ ፒኖቹ መስመር አይዙም፤ ድራይቨሩ እስኪያዘጋጃቸው ድረስ ሲኤስ ባለቤት የለውም። ድራይቨሩ ሲኤስን መጀመሪያ የውጤት ፒን አድርጎ ከዚያ ከፍ ቢያደርገው፣ የውጤት መዝገቡ ሲነሣ 0 በሚሆንባቸው ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ መስመሩ ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ቺፑም የተጠራ ይመስለዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ 1 ይጻፍ፣ ቀጥሎ ፒኑ ውጤት ይደረግ።

7. ለአማርኛ የቀረበ ጥያቄ

ከላይ ያለው ምርመራ በአማርኛ ሲነገር የሚሰናከለው «የለም» በሚለው ቃል ላይ ነው። «ሚሶ ላይ ምልክት የለም» የሚል ማስታወሻ ሦስት ፍቺ ሊሰጥ ይችላል፦ መስመሩ ዝቅ ተደርጎ ተይዟል፤ መስመሩ አልተያዘም፤ መስመሩ ተይዟል ግን አይለዋወጥም። ሦስቱ የሚፈልጉት ጥገና የተለያየ ነው። «ቺፑ ሞቷል» የሚለውም አባባል ያልተጠራን፣ የተኛንና የታገደን ቺፕ ከተቃጠለው ጋር አንድ አድርጎ ይቀብራል።

«ተንሳፋፊ» የሚለው ቃል ላልተያዘ መስመር ስያሜ ሊሆን ቢችልም ጉድለት አለው። የሚንሳፈፍ ነገር በላይ ያለ ነገር ስለሆነ አድማጩን ወደ «ከፍ» ይመራዋል። «ያልተያዘ» የሚለው ይሻላል። በስልክ ንግግር «መስመሩ ተይዟል» ስንል በመስመሩ ላይ ሌላ ሰው እንዳለ ማለታችን ስለሆነ፣ ቃሉ ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ባለቤት ይናገራል። ቺፑ በሥራ መጠመዱን የሚያሳየው ቢት ግን እንዳይደባለቅ «ሥራ ላይ ነው» በሚል ቢገለጽ ጥሩ ነው።

ከስያሜው በላይ የሚጠቅመው ግን ግሡ ነው። አማርኛ «ከፍ አለ»፣ «ከፍ አደረገ»፣ «ከፍ ተደረገ» ብሎ ይለያል። «አለ» የተጣመረበት ግሥ ነገሩ የደረሰበትን ሁኔታ ብቻ ይነግረናል፤ «ተደረገ» የተጣመረበት ግን ስሙ ባይጠራም አድራጊ መኖሩን ያስገነዝባል። «ሆልድ ከፍ ብሏል» እና «ሆልድ ከፍ ተደርጓል» በቮልቴጅ አንድ ናቸው፤ በአስተማማኝነት ግን እጅግ ይራራቃሉ። የመጀመሪያው የኦሲሎስኮፕ ንባብ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰርኪቱ የተሰጠ ምስክርነት ነው።

ይህ ልዩነት በሁሉም ተገብሮ ግሦች የሚገኝ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። «ተሰበረ»፣ «ተለወጠ»፣ «ተዘጋ» የሚሉት በሌላ አካል የተደረገውንም በራሱ የሆነውንም ይገልጻሉ። ስለዚህ «የፒኑ ሁኔታ ተለወጠ» የሚል ዐረፍተ ነገር በምርመራ ማስታወሻ ላይ ዋጋው ትንሽ ነው፤ «ዝቅ አለ» ወይም «ዝቅ ተደረገ» ማለት ያስፈልጋል። «ማለት»ን ወይም «ማድረግ»ን በማጣመር ግሥ መመሥረት የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ቻርለስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 የኢትዮጵያን የቋንቋ ቀጠና ሲገልጽ ከ«ማለት» ጋር የሚጣመሩትን ግሦች ከጋራ ባሕርያት መካከል ቆጥሯቸዋል። በቀጠናው ባሉ ሌሎች ቋንቋዎች የቴክኒክ ቃላት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም ስም ከመቅረጽ በፊት ይህን የግሥ ሥርዓት ቢፈትሹ ትርፍ ያገኛሉ።

በዝቅታ ለሚሠሩት ፒኖችም ያው መርሕ ይበጃል። ስለ መስመሩ ሲነገር «ከፍ» እና «ዝቅ»፣ ስለ ሥራው ሲነገር ደግሞ «ጸና» እና «ተነሣ» ቢባል ሁለቱ አይቀላቀሉም፦ «ደብልዩፒ ዝቅ ተደርጓል፤ ስለዚህ ክልከላው ጸንቷል።»

8. ማጠቃለያ

የቋንቋ አጥኚ በቃለ መጠይቅ ጊዜ ተናጋሪው አንድን ቅርጽ ስላልተናገረ ብቻ ቅርጹ በቋንቋው የለም ብሎ አይደመድምም። ጥያቄው አልተሰማ ይሆናል፤ ተናጋሪው ደክሞት ይሆናል፤ ሰው በተሰበሰበበት መናገር አፍሮም ይሆናል። ዝም ማለትና ዝም መሰኘት፣ ሁለቱም ከሌለ ነገር ጋር አንድ አይደሉም። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ይኸው ነው።

በተግባር ሲገለጽ፣ ማኅደሩን የሚጠይቀው የድራይቨር ክፍል ሁለት ሳይሆን ሦስት መልስ ሊኖረው ይገባል፦ ዳታ አለ፤ ባዶ ነው፤ መልስ አልደረሰም። «ባዶ ነው» የሚባለው ቺፑ መለያውን በትክክል ከመለሰ በኋላ ብቻ ይሁን። ሦስተኛው መልስ ሲመጣ መሣሪያው ሥራውን ያቁም፣ ለተጠቃሚውም ያሳውቅ። ፎርማት ማድረግ ደግሞ ከሰው ፈቃድ ውጭ አይደረግ። ድራይቨሩን የሚጽፈውና መቅጃውን ወደ መስክ የሚያወጣው በአንድ ቋንቋ መነጋገር ከቻሉ፣ አጥኚው ከመስክ መልስ «ማኅደሩ ባዶ ነው» ከማለቱ በፊት «መለያውን መልሷል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ቅጂዎቹ በቺፑ ውስጥ በሰላም ተቀምጠው ሊሆን ይችላልና።